በጥር የማይነሳ ነፋስ

ጋሼ ሳህሉ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ያቅለሸልሸኛል። ድሮ እንዲህ አልነበርኩም። የፍራንክፈርት ሐበሻ ሽማግሌ ናቸው፤ በሰባዎቹ ለትምህርት መጥተው እዚሁ የቀሩ ኢንጂነር፣ አሁን ጡረተኛ። ሰርግ ላይ እሳቸው፣ እርቅ ላይ እሳቸው፣ መርዶ ላይ እሳቸው። «እህህም» ካሉ ሁላችንም ቀጥ ነው። ከዚያች የየካቲት ቅዳሜ ወዲህ ግን ያቺን «እህህም» ስሰማ የበላሁት ይመጣብኛል። ሰው ምክንያቱን ሲጠይቀኝ ጨጓራ ነው እላለሁ። ጨጓራ አይደለም። ነገሩ የውብነሽ ነገር ነው፣ እኔም አለሁበት።

ውብነሽ ጎረቤቴ ናት። ጊንሃይም፣ ከትልቁ የቴሌኮም ማማ አጠገብ ካሉት ፎቆች አንዱ ላይ ነው የምንኖረው፤ እሷ ሰባተኛ፣ እኔ አራተኛ። እኔ አልተንሃይም ውስጥ፣ የሽማግሌዎች መጦሪያው ወጥ ቤት ነው የምሠራው። እሷ ቦከንሃይም ዩኒቨርሲቲው የአየር ጠባይ የሚያጠኑ ሰዎች ቢሮ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አጽድታለች። ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቋረጠች ሴት ናት። አንድ ወንድ ልጅ አላት፣ መልከጼዴቅ ይባላል። አባቱን ተዉት፣ እሷም ትታዋለች።

ልጁ ከእጄ በልቶ ነው ያደገው። ልቡ ንጹሕ፣ እጁ ሥራ ላይ የማይበረክት። አውስቢልዱንጉን፣ የሙያ ሥልጠናውን፣ ሁለት ጊዜ ጀምሮ ሁለት ጊዜ ተወው። በኋላ ዲቪ ደረሰኝ አለና በፈረንጆቹ 2007 አሜሪካ ገባ፣ ሳውዝ ዳኮታ የሚሉት ክፍለ ሀገር። የት እንደሆነ ማናችንም አናውቅም። ሜዳ ነው አሉን፣ የሥጋ ፋብሪካ አለ፣ ሐበሻም አይጠፋም አሉን። እልል ብለን ሸኘነው።

በመጀመሪያው ጸደይ ውብነሽ የሄር ሎፍለርን ቢሮ ስትወለውል፣ ያ ሽማግሌ «ልጅሽ የት ገባ?» አላት። ግድግዳው ሁሉ የነፋስ ሥዕል የተለጠፈበት፣ ቡናውን እሷ ካልቀዳችለት የማይጠጣ ጀርመን ነበር። ነገረችው። መነጽሩን አወለቀ። ቀጥሎ የጠየቃት ስለ ሥራው አይደለም፣ ስለ ጤናው አይደለም። «የሚኖርበት ቤት ከመሬት በታች ምድር ቤት አለው?» አላት።

ልጁ የሚኖረው ትሬለር በሚሉት ቆርቆሮ ቤት ነበር፣ መሠረት የሌለው፣ ጎትተው አምጥተው የሚያቆሙት። ውብነሽ የዚያን ቀን ማታ እኔ ቤት መጥታ ምግብ እንኳ አልበላም አለች። ስለ ቶርኔዶ፣ ስለዚያ ቤት ነቃይ አውሎ ነፋስ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ከዚያ በኋላ መቶ ጊዜ ነግራኛለች፤ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል።

«ስሚ ፋሲካ» ትላለች። «ከደቡብ፣ ከባሕሩ፣ እርጥብና ሞቃት አየር ይመጣል። ከሰሜን፣ ከካናዳ፣ ቀዝቃዛና ደረቅ ይወርዳል። መሃሉ ሜዳ ነው፣ የሚገላግላቸው ተራራ የለም። ሁለት የተጣሉ ዘመዶች አንድ ሰርግ ቤት ሲገናኙ በይው። እሱ ብቻውን ቢሆን ነጎድጓድና በረዶ ጥሎ ያልፋል። ግን ከላይ፣ አውሮፕላን በሚሄድበት ከፍታ፣ ሌላ ፈጣን ነፋስ አለ። ነገር የሚያቀጣጥለው እሱ ነው። ታች በአንድ በኩል፣ ላይ በሌላ በኩል ሲነፍስ መሃል ያለው ይጠመዘዛል። የተጠመዘዘው ነው መሬት ሲነካ ቤት የሚነቅለው።»

«ታዲያ ዓመቱን ሙሉ ለምን አይነቅልም?» አልኳት አንዴ፣ እንድትተወኝ ብዬ።

«ሦስቱ አንድ ላይ የሚገናኙበት ወር አለዋ! በብርዱ ጊዜ ሞቃቱ አየር እዚያ ድረስ አይዘልቅም፣ ባሕሩ ዳር ይቀራል። ሙቀቱ ሲከርር ደግሞ የላዩ ነፋስ ወደ ካናዳ ይሸሻል። ስለዚህ ሚያዝያ ላይ ደቡቡን ይመታል፣ ግንቦት መሃሉን፣ ሰኔና ሐምሌ የልጄን አገር። ሰዓት ሁሉ አለው። መሬቱ ሲግል ይውልና ከቀትር በኋላ እስከ ማምሻው ነው የሚነሳው። እዚህ ጀርመንም አለ እኮ፤ ቪንድሆዘ ይሉታል። ትንሽ ስለሆነ ንቀውት ነው።»

ከመድኃኒት ቤት በነጻ የሚሰጡትን ካላንደር ወጥ ቤቷ ሰቅላ፣ ከሚያዝያ እስከ ሐምሌ ያለውን በቀይ እስኪርቢቶ ታቀልመዋለች። በየዓመቱ። በእነዚያ ወራት ሰው አልነበረችም። ሰርግ አትሄድም፣ ክርስትና አትሄድም፣ ስልኩ ከጡቷ አይለይም። ልጁን ሁለት ዓመት ጨቅጭቃ ጨቅጭቃ ከቆርቆሮው አስወጣችው፤ ብሩኪ ከሚባል የፋብሪካ ጓደኛው ጋር ምድር ቤት ክፍል ተከራየ። ሕግ አወጣችለት። ጫማህ አልጋህ ሥር ይሁን፣ ሌሊት የተሰበረ መስታወት ላይ ትሮጣለህ። ሳይረን ሲጮህ ቪዲዮ ላንሳ ብለህ በረንዳ እንዳትወጣ። ከሁሉ ከሁሉ መኪና ውስጥ እንዳትሆን! መኪናን እንደ ጣሳ ነው የሚያነሳው፣ ከመኪና ውጣና ጉድጓድ ውስጥ ተኛ። ላይፕሲገር ሽትራሰ ሄዳ የብስክሌት ሄልም፣ የራስ ቁር፣ ገዝታ በፖስታ ላከችለት፣ ምድር ቤት ስትገባ አጥልቅ ብላ። እሱም ሄልሙን አጥልቆ ምላሱን አውጥቶ ፎቶ ላከላት። ያንን ፎቶ ለአውቶቡስ ሹፌር ሳይቀር አሳይታለች።

ጥቅምት ሲገባ ግን ሰው ትሆናለች። «ተዘጋ» ትላለች፣ «እስከ ጸደይ እተኛለሁ።» እውነትም ትተኛለች፣ ትበላለች፣ ትስቃለች። ስልክ እንኳ በሁለት እሑድ አንዴ ነው የምትደውለው፣ «ልጄም ከጭቅጭቄ ይረፍ» ብላ።

እኛ ደግሞ እንስቅባት ነበር። ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ «ውብነሽ ነፋሷ» ነበር ስሟ። ጋሼ ሳህሉ «እህህም፣ ሜትሮሎጂስታችን፣ ዛሬ ጃንጥላ እንያዝ?» ይሉና ሰው ሁሉ ይንከተከታል። እኔም ተንከትክቻለሁ። ቱ!

አሁን ወደ ጉዱ ልግባ። 2013 ታኅሣሥ ላይ፣ አልተንሃይም ድንች እየላጥኩ ስልኬ ጮኸ። መልከጼዴቅ ነው።

«እትዬ» አለኝ፣ «ከፋብሪካው ወጥቻለሁ። ብሩኪም ሚስቱን አመጣ፣ ክፍሉ ጠበበን። አሁን እዚህም እዚያም እያደርኩ ነው። አንዳንድ ቀን መኪናዬ ውስጥ። ለእማ እንዳትነግሪያት።»

አንድ ነገር ጨምሮም አለኝ፤ እሱን እመጣበታለሁ። እኔ ምን አልኩ? «እሺ የኔ ጌታ፣ አልነግራትም። አይዞህ፣ ያልፋል» አልኩ። ከዚያ ወደ ድንቼ። ያ አገር በታኅሣሥ ምን ያህል ይበርዳል ብዬ እንኳ አልጠየቅሁትም። የሚያቅለሸልሸኝ ደግሞ ምኑ ነው፣ በራሴ ኮርቼ ነበር። ምሥጢር ጠባቂ፣ ጨዋ ሴት፣ ሆደ ሰፊ። እኛ ዘንድ እኮ አፍ መዝጋት ሲያስመሰግን ነው የኖረው። የዚያን ቀን ማታ ከውብነሽ ጋር ሻይ ጠጥቻለሁ፤ ስለ ጉልበቷ ኦፔራሲዮን አወራን።

ጥር አሥራ ስድስት ጠዋት አንድ ሱቅ ጀርባ፣ መኪናው ውስጥ አገኙት። ቤንዚኑ አልቋል። ብርድ ነው የገደለው። ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነበር።

ብሩኪ ለውብነሽ መች ደወለ! እንደ ወጉ ለጋሼ ሳህሉ ደወለ። ጋሼ ሳህሉ አራት ሰው ቬስትኤንድ ቤታቸው ጠሩን። ሶፋው ለስላሳ፣ ሻዩ በሸክላ፣ ኬኩ ተቆርጦ ቀርቧል። እኔም ተጠራሁ፣ ቅርቧ ነኝ ተብዬ።

«እህህም። ልጁ ቤት አጥቶ፣ መኪና ውስጥ፣ በብርድ ሞተ ብሎ ለእናት ማን ይነግራል?» አሉ። «ስሟስ? ደግሞ ይህን ያህል ሐበሻ ባለበት ከተማ እንዴት ማደሪያ አጣ ቢባል፣ የእኛስ ስም?»

ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ስም! ልጁ ሬሳ ቤት ተኝቶ እኛ ስለ ስም።

«ስድስት ዓመት ሙሉ ለዚያ ነፋስ ስትዘጋጅ የኖረች ሴት ናት» ቀጠሉ። «ልቧ ያውቀዋል። ነፋሱ ወሰደው እንበላት። የእግዚአብሔር ሥራ ነው፣ የሚያሳፍር ነገር የለውም። ቀኑን አንነካም፣ የሞት ወረቀት ይመጣል። ብቻ መርዶው የጉልበቷ ኦፔራሲዮን ቀጠሮ እስኪያልፍ ይቆይ።»

«ጥሩ ሐሳብ ነው» ተባለ። ኢንጂነሩ አሰቡ፣ እኛ አጨበጨብን ማለት ነው። መቶ ጊዜ የወሩን ነገር የተነገረኝ እኔ፣ ጥር ሲባል ጆሮዬ አልቆመም። ለካስ አንድ ቀን ሰምቻት አላውቅም። ኬኩንም በላሁ። አዎ፣ በላሁ፣ የፖም ኬክ ነበር።

ልጁን እዚያው ቀበሩት። ውብነሽ ጉልበቷን ተቀደደች፣ ተሰፋች፣ ተኛች። እሑድ ደውላ ስልኩ አልነሳ ሲላት፣ ጋሼ ሳህሉ ብሩኪን አዘው በልጁ ስልክ «ሥራ በዝቶብኝ ነው፣ ደህና ነኝ» የሚል ጽሑፍ አስላኩላት። በሟች ስልክ! ሆስፒታል ልጠይቃት ብሄድ አሳየችኝ። «አየሽ፣ ሥራ በዝቶበታል፣ ተመስገን» አለች። እኔ ትራሷን አስተካከልኩላት።

የካቲት አንድ ቅዳሜ፣ ገና ሳይነጋጋ፣ ሰባት ሆነን ጥቁር ለብሰን ሄድን። ሊፍቱ ስለማይችለን በሁለት ዙር። ሻይ በቴርሞስ ይዘናል፣ ምስር ወጥ በላስቲክ ይዘናል። ሊፍቱ ውስጥ አንዷ «ቀስ ብላችሁ ጀምሩ፣ ጀርመኖቹ ፖሊስ ይጠራሉ» ትላለች። ሽቶ የተቀባም ነበር።

በምርኩዝ መጥታ በሩን ከፈተች። ሐበሻ ናትና፣ ጎህ ሳይቀድ ሰባት ጥቁር ለባሽ በሯ ላይ ስታይ ምን እንደሆነ ለመረዳት የሚነግራት አላስፈለጋትም። ግድግዳውን ይዛ ቁልቁል ተንሸራተተች። «ልጄን ነው» አለች። ጥያቄ አልነበረም።

«እህህም። እህቴ ውብነሽ፣ እግዚአብሔር ሰጠ፣ እግዚአብሔር ነሳ» አሉ ጋሼ ሳህሉ። «የፈራሽው ነፋስ ነው። ያ ነፋስ ወሰደው።»

ሴቶቹ ጩኸቱን ለቀቁት። ደረታቸውን ይደቃሉ። እሷ ግን አልጮኸችም። መሬት ላይ እንደተቀመጠች፣ በፋሻ የታሰረ እግሯን ዘርግታ፣ ቀና ብላ አየቻቸው።

«መቼ?»

«ጥር አሥራ ስድስት ነው፣ እህቴ።»

«በስንት ሰዓት?»

«ጠዋት... ሲነጋጋ ነው መሰለኝ። አሁን ሰዓቱ ምን ያደርግልሻል?»

ምርኩዟን አነሳችና ወለሉን አንድ ጊዜ መታችው። ጩኸቱ ቀጥ አለ።

«በጥር» አለች። «በጥር፣ ሲነጋጋ። ጋሼ ሳህሉ፣ በጥር እዚያ በረዶው ጉልበት ድረስ ነው። ሞቃቱ አየር ከየት መጣ? ማን አሞቀው?»

ሰባታችንም ጫማችንን እናያለን።

«እህህም» አሉ ጋሼ ሳህሉ። «አየሩ ድሮ እንደምናውቀው አይደለም፣ ውብነሽ። ክሊማው ተለውጧል። አንቺም ሰምተሻል...»

ሰው ይህን ያህል ይዋሻል? በእናት ፊት፣ በልጇ ሬሳ ላይ ቆሞ፣ ክሊማ! የምስር ወጡ ሽታ ከላስቲኩ እየወጣ፣ የሽቶው ሽታ፣ የጥቁር ልብሳችን የናፍታሊን ሽታ፣ ሁሉም አንድ ላይ ጉሮሮዬ ላይ መጣ።

እሷ ትታቸዋለች። ወደ እኔ ዞራለች።

«ፋሲካ። ልጄን ምን ገደለው?»

«ፋሲካ!» አሉ ጋሼ ሳህሉ በጥርሳቸው መሃል።

«ብርድ ነው» አልኩ። «ቤት አልነበረውም። መኪናው ውስጥ ተኝቶ ነበር።»

በቀስታ፣ ለራሷ እንደምታወራ፣ «መኪና ውስጥ እንዳትሆን ብዬው ነበር» አለች። ከዚያ ቀና አለችና «ውጡ» አለች። ጋሼ ሳህሉ እጃቸውን ሊጭኑባት ሲያጎነብሱ ምርኩዟን በመሃላቸው አቆመችው። «ወጉ አይፈቅድም፣ ሐዘንተኛ ብቻዋን አትተውም» አሉ። «ወጉን ይዘውት ይውጡ» አለቻቸው። ወጡ። ቴርሞሱንም ይዘው ወጡ። ሊፍቱን ሲጠብቁ «ይቺ ሴት ምላሷን መያዝ አቃታት» ሲሉ ሰማሁ፤ ስለ እኔ ነው።

እኔም ልወጣ ስል ቀሚሴን ያዘችኝ።

«አንቺ ቁጭ በይ። ቤት እንደሌለው ከመቼ ጀምሮ ታውቂያለሽ?»

መዋሸት እችል ነበር። ሰባት ሰው መዋሸት ከቻለ አንዷ አያቅታትም። ግን በቃኝ፣ አንገሸገሸኝ፣ ከራሴ ጀምሮ።

«ከታኅሣሥ» አልኩ። «ደውሎልኝ ነበር።»

«ምን አለሽ? ሳትጨምሪ፣ ሳትቀንሺ።»

የነገርኳችሁን ሁሉ ነገርኳት። ፋብሪካውን፣ ብሩኪን፣ ድንቹን ሳይቀር። «ሌላስ?» አለች። እመጣበታለሁ ያልኩት ይኸው።

«‹ለእማ እንዳትነግሪያት› አለኝ። ‹በጸደይ ስትጨነቅ ነው የምትከርመው፤ የምታርፈው በብርዱ ወራት ብቻ ነው። ተያት እትዬ፣ ትረፍ› አለኝ።»

«ይህን ሲል ሳቀ?»

«አዎ። ትንሽ ሳቀ።»

ያኔ ነው የጮኸችው። እዚያው ወለሉ ላይ፣ ሁለት እጇን ራሷ ላይ አድርጋ፣ ጎረቤቱ ሁሉ በሩን እስኪከፍት ድረስ። ማንም ፖሊስ አልጠራም። ስድስተኛ ፎቅ ያለችው አሮጊት ጀርመን በሌሊት ልብሷ መጥታ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ አማርኛ አንድ ቃል አታውቅም፣ እጇን ያዘቻት። እኔ የቆምኩበት ቀረሁ። መንካት ፈርቼ።

ዓመት አልፎታል አሁን። ካላንደሩን ከጥር እስከ ታኅሣሥ ሙሉውን አቅልማዋለች፣ ነጭ ቀን የለውም። ብርድ ሲገባ በየከተማው ላለ ለምታውቀው ልጅ ሁሉ ትደውላለች። «ደህና ነህ?» አትልም። «የት ነው ያደርከው? ማሞቂያህ፣ ሃይሱንጉ፣ ይሠራል?» ነው የምትለው። ባለፈው ሳምንት የአንዲት ጓደኛዬ ልጅ ቢኒ ደውሎልኝ «ለእናቴ እንዳትነግሪ» ብሎ ሲጀምር፣ ሳይጨርስ ዘግቼ ለእናቱ ደወልኩ። ወሬኛ ተብያለሁ፤ ጋሼ ሳህሉ አዳራሹ ውስጥ በስሜ ጠርተው ጉሮሯቸውን ጠርገውብኛል።

ውብነሽ እኔን አልረገመችኝም፣ በሯንም አልዘጋችብኝም። ሊፍት ውስጥ ስንገናኝ ግን እንደምን አደርሽ የለም። ለእኔ አራትን፣ ለራሷ ሰባትን ትጫንና ዓይን ዓይኔን እያየች «ዛሬ ማን ደወለልሽ?» ትለኛለች።

«ማንም» እላታለሁ።

አራተኛ ፎቅ ደርሰን በሩ ሲከፈት በምርኩዟ ይዛ ታስቆመዋለች፣ እንደገናም ትጠይቀኛለች።